ከቀለሙ ሥር ያለው መኪና፦ ስለ አስተን ማርቲን ዲቢ5 ለመኪና ወዳጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የመኪና ወዳጆች፣

ስለ አሮጌ የእንግሊዝ መኪናዎች እንድናገር ስጋበዝ ርእሱ ሰፊ ነበር፤ እኔ ግን በእጄ የማውቀውን አንዱን መርጫለሁ፤ እርሱም አስተን ማርቲን ዲቢ5 ነው። ወደ ሙያው የገባሁት አዲስ አበባ ውስጥ በባትላሜራ፣ ማለትም በመኪና አካል ላሜራ ጠጋኝ፣ ረዳትነት ሲሆን፣ ዛሬ የምሠራው እንግሊዝ አገር አሮጌ መኪናዎች በሚታደሱበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር አብዛኛው ከቀለሙ ሥር ያለውን የሚመለከት ነው። ይህን መኪና ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ገንዘባቸውን የሚያፈሱት በሚያብለጨልጨው ላይ ነው፤ የመኪናው ዋጋ ያለው ግን በተደበቀው ብረትና ያንን ብረት በሚመሰክረው ወረቀት ላይ መሆኑን ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዲቢ5 ከ1963 እስከ 1965 የተሠራው ቡኪንግሃምሻየር ውስጥ ኒውፖርት ፓግኔል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከፋብሪካው የወጣው መኪና ብዛት ከአንድ ሺህ ጥቂት ብቻ ያልፋል። በአዲስነቱ ከ4,000 ፓውንድ በላይ ይሸጥ ነበር፤ ይህም ጃጓር ኢታይፕ የተባለውን የዘመኑን የስፖርት መኪና ለመግዛት ከሚያስፈልገው ገንዘብ እጥፍ ገደማ ነው። ታዲያ ገዢው ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ምን ያገኝ ነበር ቢባል፣ መልሱ ያለው «ግራን ቱሪስሞ» በሚለው የጣልያንኛ ስም ውስጥ ነው። ግራን ቱሪስሞ የእሽቅድምድም መኪና አይደለም፤ ፍጥነት ቢኖረውም የተሠራው ሁለት ሰዎች ሻንጣቸውን ጭነው ጠዋት ከለንደን ተነሥተው፣ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው፣ የፈረንሳይን ረጅም አውራ ጎዳና ሲያቋርጡ ውለው ወገባቸው ሳይደክም፣ ጆሯቸው ሳይደነቁር እንዲወርዱ ነው። የኤሌክትሪክ መስኮት፣ የሱፍ ምንጣፍ፣ የተፈጥሮ ቆዳ መቀመጫ፣ በአራቱም እግር ላይ የዲስክ ፍሬን፣ አምስት ማርሽ ያለው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ካምቢዮ የተገጠመለት ለዚሁ ነው። የፋብሪካው መግለጫ የሚሰጠው ጉልበት 282 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ መኪናው በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ይህ ፍጥነት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። ኤም1 የተባለው አውራ ጎዳና በ1959 ሲከፈት በኒውፖርት ፓግኔል አጠገብ ያለፈ ሲሆን፣ የእንግሊዝ አውራ ጎዳናዎች የፍጥነት ገደብ የተጣለባቸው በ1965 ታኅሣሥ፣ ማለትም ይህ መኪና መሠራቱ ባበቃበት ዓመት ነው። በእኔ እምነት ዲቢ5 ገደብ ያልነበረው መንገድ የወለደው መኪና ነው።

በስሙ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት የዴቪድ ብራውን ናቸው። ብራውን በሰሜን እንግሊዝ ጥርስ ያላቸውን የማሽን መዘውሮችና ትራክተሮችን የሚሠራ ኢንዱስትሪ ባለቤት የነበረ ሲሆን፣ አስተን ማርቲንን በ1947 በ20,500 ፓውንድ ገዛው። ድርጅቱ በ1959 የሌ ማን የሃያ አራት ሰዓት ውድድርን በካሮል ሼልቢና በሮይ ሳልቫዶሪ አሽከርካሪነት አሸነፈ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላረዝመውም።

ማርዘም የምፈልገው በአካሉ ላይ ነው። የመኪናው መልክ የወጣው ጣልያን አገር ሚላኖ ከነበረው ካሮዜሪያ ቱሪንግ ከተባለ የመኪና አካል ነዳፊ ቤት ሲሆን፣ አሠራሩም የዚያው ቤት ፈጠራ ነው፤ «ሱፐርሌጄራ» ይባላል፤ እጅግ ቀላል ማለት ነው። እዚህ ላይ እናንተና እኔ ከሌሎች አድማጮች የተሻለ ዕድል አለን እላለሁ፤ ምክንያቱም በጋራዦቻችን የምንናገረው ቋንቋ ግማሹ የመጣው ከዚሁ አገር ነው። ባትላሜራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፓራፋንጎ፣ ስቱኮ ስንል ሁልጊዜም ጣልያንኛ እየተናገርን ነው። እንግሊዞቹ ከሚላኖ ፈቃድ ገዝተው የሠሩት ይህ መኪናም በኮፈኑ ግራና ቀኝ ላይ «ሱፐርሌጄራ» የሚል የጣልያንኛ ጽሑፍ ይዞ ይሄዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሃሮልድ ቢች የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ከብረት ላሜራ የተበየደ ጠፍጣፋና ጠንካራ ወለል አለ። በዚህ ወለል ላይ የመኪናውን ቅርጽ የሚከተሉ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች እንደ ጎጆ ማገር ይተከላሉ። ከዚያም የአሉሚኒየም ቅይጥ ላሜራ በመዶሻና በመንኮራኩር እየተዳመጠ ቅርጹን ከያዘ በኋላ በቱቦዎቹ ላይ ይለብሳል፤ ጠርዙም በብረቱ ላይ ይታጠፋል። ሸክሙን የሚሸከመው ብረቱ ነው፤ አሉሚኒየሙ ልብስ ነው። በዚህም ምክንያት ከአንዱ ዲቢ5 የወጣ ፓራፋንጎ፣ ማለትም የጎማ መከለያ ላሜራ፣ በሌላው ላይ እንዲያው አይገጥምም፤ የአንዱ መኪና ግራና ቀኝ እንኳ በሜትር ሲለካ ልክ ለልክ አይሆንም። ይህንን ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የዕለቱን ሠራተኛ እጅ የማውቅበት ምልክት አድርጌ እወስደዋለሁ፤ እርሱንም በማደስ ስም ማጥፋት ያሳዝነኛል።

ሆኖም ይህ ውብ አሠራር በሽታውን በውስጡ ይዞ የተወለደ ነው። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ውኃ፣ በተለይም ጨው ያለበት ውኃ ሲያገኛቸው በመካከላቸው ልክ እንደ ባትሪ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይመላለሳል፤ በዚህ ግብይት የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። እንግሊዝ አገር በክረምት መንገዱ በረዶ እንዳይዝ ጨው ይነሰነስበታል። ስልሳ ዓመት የዚያን ጨው ሲረግጥ የኖረ መኪና ከላይ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

አንድ ጊዜ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። በቅርብ ጊዜ ተገዝቶ የመጣ ብርማ ዲቢ5 ነበር፤ ቀለሙ መስታወት ይመስላል፤ ገዢውም ያመጣው ፍሬኑ እንዲታይለት ብቻ ነበር። እኔ በልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዳሰስኩት። ይህንን ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ያሠለጠኑኝ አዛውንት ባትላሜራ ናቸው፤ ዓይን በብርሃን ይታለላል፣ መዳፍ ግን የፀጉር ውፍረት የምታክል እብጠት እንኳ ታገኛለች ይሉኝ ነበር። መዳፌ ከበሩ ግርጌ ስትደርስ የምስር ክክ የሚያካክሉ ሦስት አራት እብጠቶች አገኘሁ። በባለቤቱ ፈቃድ አንዷን በቢላዋ ጫፍ ስነካ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ሥሩ ስቱኮ፣ ማለትም የላሜራ ጉድለት መሙያ ልስን፣ ነበር፤ ስቱኮውን ስንገፈው የአመልካች ጣት ውፍረት ነበረው፤ ከስቱኮው በታች አሉሚኒየሙ በብረቱ ላይ በታጠፈበት ቦታ ላሜራ የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ አመድ ብቻ ነበር። እፍ ስለው በነነ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆመው ነበርና ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከመኪናው ወለል ግራና ቀኝ የሚዘረጉትን የብረት ክንዶችና ከበሮቹ ሥር ያለውን የጎን ብረት ስንከፍት ደግሞ ክሪክ የሚገባበት ቦታ ጭራሹኑ ዝጎ አልቋል። ይህንን መኪና በክሪክ ለማንሣት የሞከረ ሰው ክሪኩን ብቻ ነበር የሚያነሣው። ማን እንደሸጠውና ማን በስቱኮ እንደሸፈነው እዚህ መናገር አያስፈልግም።

በአገራችን መኪና ስንገዛ ስቱኮ ያለበትን ቦታ የምናውቀው በማግኔት ነው፤ ማግኔቱ ከያዘ ላሜራ ነው፣ ካልያዘ ስቱኮ ነው እንላለን። በዲቢ5 ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ማግኔት አሉሚኒየምን ፈጽሞ አይዝምና። ስለዚህ የቀለምን ውፍረት በአሉሚኒየም ላይም መለካት የሚችል መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ግን የበር ጠርዞችን፣ የጎማ ቤቶችን ከንፈርና የሻንጣውን ወለል ዙሪያ በእጅ መዳሰስ፣ መኪናውን አንሥቶ ከሥሩ ማየት የግድ ነው። ሻጩ መኪናውን ማንሣት ካልፈቀደ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

ከአካሉ ወደ ሞተሩ ስንሄድ የምናገኘው ስም ታዴክ ማሬክ ነው። ማሬክ ፖላንዳዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ የነደፈው ሞተር ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩበት፣ ቫልቮችን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት በቴስታታው፣ ማለትም በሞተሩ ራስ፣ ላይ ያሉት፣ መላ አካሉ አሉሚኒየም የሆነ ነው። ማሬክ ያሰበው ከተራ ብረት እንዲቀለጥ ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን ሊቀበል የቻለው ማቅለጫ ቤት አሉሚኒየም የሚያቀልጥ ሆነ። ይህ አጋጣሚ በቀዳሚው ሞዴል፣ በ1958 በወጣው ዲቢ4፣ ላይ ዋጋ አስከፍሏል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት የበለጠ ይሰፋልና፣ መኪናው ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ የሞተሩ አካል በውስጡ ከሚሽከረከረው የብረት ዘንግ፣ ከኮሎዶካው፣ እየራቀ፣ ዘንጉን በሚደግፉት ብሮንዚኖች ዙሪያ ያለው ክፍተት እየሰፋ፣ የዘይቱም ግፊት እየወረደ ሄዶ ብሮንዚን ያቃጠሉ ሞተሮች ነበሩ። ፋብሪካው ዘይት የሚጠራቀምበትን ቋት በማስፋትና ዘይት ማቀዝቀዣ በመጨመር ችግሩን እያቃለለ መጣ። ለዲቢ5 ደግሞ የሲሊንደሩን ስፋት ከ92 ወደ 96 ሚሊሜትር በማሳደግ የሞተሩን መጠን ከ3,670 ወደ 3,995 ሲሲ አደረሰው። ነዳጅን ከአየር ጋር የሚያደባልቁ ሦስት ኤስዩ ካርቡራተሮች ይመግቡታል፤ ቫንቴጅ የተባለው፣ ቁጥሩ እጅግ ጥቂት የሆነው ዓይነት ግን ሦስት የጣልያን ዌበር ካርቡራተሮች አሉት፤ ጉልበቱም ከ310 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው። ዛሬ ተራውን ሞተር በዌበር ቀይሮ ቫንቴጅ ነው ብሎ መሸጥ ለሙያተኛ ከባድ ሥራ ስላልሆነ፣ ሰብሳቢው ካርቡራተሩን አይቶ ማመን የለበትም፤ የሚታመነው የፋብሪካው የሥራ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ወደ ወረቀቱ እንምጣ። እኛ በሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ለየብቻ ተጽፈው እናያለን። በዚህ መኪና ላይም የመጀመሪያው ጥያቄ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከፋብሪካው ሲወጡ አብረው ነበሩ ወይ የሚለው ነው። የዲቢ5 የሻንሲ ቁጥር «ዲቢ5» ብሎ ጀምሮ፣ አራት አኃዝ አስከትሎ፣ መሪው በቀኝ ከሆነ አር፣ በግራ ከሆነ ኤል በሚል ፊደል ያበቃል። በግራ መሪ ተሠርቶ ወደ ውጭ አገር የተላከ መኪና በኋላ ወደ ቀኝ ቢቀየር መሪው ይለወጣል እንጂ መዝገቡ አይለወጥም። እንግሊዝ አገር የሰሌዳ ቁጥር ከመኪና ወደ መኪና በሕግ ሊዘዋወር ስለሚችል፣ ታዋቂ ሰሌዳ የለጠፈ መኪና ሁሉ ያ ታዋቂ መኪና አይደለም። ከዚህ በላይ ደግሞ የእንግሊዙ የተሽከርካሪ መመዝገቢያ ደብተር መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ ይናገራል እንጂ ንብረትነቱን አያረጋግጥም፤ ይህም በራሱ በደብተሩ ላይ ተጽፏል። ሊብሬውን ይዤ ባለቤት ሆንኩ ለማለት የለመድን ሰዎች ይህንን ልብ ልንለው ይገባል። የሽያጭ ደረሰኞች፣ የጥገና ሂሳቦች፣ የድሮ ዓመታዊ ምርመራ ወረቀቶች፣ በየዘመኑ የተነሡ ፎቶግራፎች ተራ በተራ ሲገጣጠሙ ነው የመኪናው ሕይወት የሚታወቀው።

ፊልሙን ሳላነሣ ብቀር ቅር ትሰኛላችሁ። በ1964 ለጄምስ ቦንድ ፊልም መትረየስና ወንበር አስፈንጣሪ የተገጠመለት ዲቢ5 መኪናውን በዓለም ሁሉ አሳወቀው። ለእኔ የሚደንቀው ግን ከፊልሙ በኋላ የሆነው ነው፤ ያ መኪና መሣሪያዎቹ ተነቅለውለት እንደ ማንኛውም ያገለገለ መኪና ለግለሰብ ተሸጠ። በመጨረሻም በ1997 ፍሎሪዳ ውስጥ ቦካ ራቶን ከሚገኝ የአውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ተሰረቀ። ለዚያው ፊልም ያገለገለ ሌላ ዲቢ5 በ1969 በ12,000 ዶላር ተገዝቶ፣ በ2010 ለንደን ውስጥ በጨረታ 2.6 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። በ1964 የቢትልሱ ሙዚቀኛ ፖል ማካርትኒ አዝዞት የነበረው ዲቢ5 ደግሞ በ2017 ከ1.3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል። እነዚህ መኪናዎች ከሌሎቹ ዲቢ5ዎች የሚለዩት በብረታቸው አይደለም፤ ታሪካቸው ቁጥር በቁጥር ሊረጋገጥ መቻሉ ነው ዋጋቸውን የሰቀለው። ፋብሪካው ራሱ በ2020 የቦንዱን መኪና 25 ጊዜ በአዲስ መልክ ሠርቶ እያንዳንዱን በ2.75 ሚሊዮን ፓውንድና በግብሩ ሸጧል፤ ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ እኔ ግን የሰው ልጅ ስልሳ ዓመት ያልነዳውን መኪና ከተነዳው ጋር በአንድ ሚዛን ላስቀምጠው አልችልም።

በቀጣዩ ሞዴል በዲቢ6 ላይ የሱፐርሌጄራው አሠራር ቀርቷል፤ የቱሪንግ ቤትም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ስለዚህ አንድ የዲቢ5 ላሜራ ተቆርጦ በተጣለ ቁጥር የሚጠፋው የዚያ ዘመን ሠራተኞች የእጅ ሥራ ነው። እኔ የምለምነው፣ በእርግጥ ያለቀው ብቻ እንዲቆረጥ ነው። ሥራው ረጅም ነው፤ ሙሉ እድሳት ብዙ ሺህ ሰዓት ይበላል፤ ብዙ ጊዜ ገዢው መኪናውን ከገዛበት ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ ያስወጣዋል። ስለዚህ ሙሉውን አፍርሶ አዲስ ማድረግ ለጋራዡ ሂሳብ የሚጣፍጥ ቢሆንም፣ አሮጌው ቀለም፣ የተሰነጣጠቀው ቆዳ፣ በመሪው ላይ ያለው የእጅ ላብ አንዴ ከሄደ በገንዘብ አይመለስም።

አሁን የቀረው ነገር መንዳት ነው። መኪናውን ለመሞከር ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሞቀ ሞተር የተቀበላችሁ ሻጭ የጠዋቱን ጭስና ኳኳታ ደብቋችሁ ሊሆን ይችላል። ከተነሣ በኋላ በእርጋታ አሙቁት፤ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በአውራ ጎዳና ላይ ንዱት። ዓይናችሁ ከዘይት ግፊት መለኪያው አይራቅ። ቅድም ያልኩት የአሉሚኒየምና የብረት ነገር የሚገለጠው እዚህ ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚያኮራ ግፊት የሚያሳይ መርፌ፣ በሞቀ ጊዜ በዝቅተኛ ዙር ወርዶ ከታች ከተኛ፣ ብሮንዚኖቹ ደክመዋል ማለት ነው፤ የዚህ ሞተር ሙሉ ጥገና ደግሞ አንድ አዲስ መኪና ከመግዛት ሊበልጥ ይችላል።

ያ ብርማ መኪና ከእኛ ጋራዥ ሳይወጣ ቆይቷል። ባለቤቱ መጀመሪያ ሁሉም እንዲፈርስ ይፈልጉ ነበር፤ ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ የተበላውን የበሩን ግርጌ ከጠርዙ ወደ ላይ አንድ ስንዝር ብቻ ቆረጥን፤ የጎኑን ብረትና የታችኛውን ክንዶች ቀየርን፤ ቀሪውን አሉሚኒየም እንዳለ ተውነው። የበሩን ውስጠኛ ቆዳ ስናወልቅ ከጀርባው ባለው እንጨት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አገኘን፤ ከመኪናው ሻንሲ የመጨረሻ አራት አኃዞች ጋር አንድ ነበር፤ ከስልሳ ዓመት በፊት ኒውፖርት ፓግኔል ውስጥ ቆዳውን የወጠረው ሠራተኛ ከሌላ መኪና በር ጋር እንዳይቀላቀልበት የጻፈው መሆን አለበት። ባለቤቱ መነጽራቸውን አውልቀው በጣታቸው ሳይነኩት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ፎቶግራፍ አነሣነውና ቆዳውን መልሰን በላዩ ገጠምነው።